ኮሪያኛ ተናጋሪን የእንግሊዝኛ የወደፊት ጊዜ እንዴት ማለማመድ ይቻላል

ኮሪያዊ ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ «እንግሊዝኛ አለማምዱኝ» ካላችሁ፣ የወደፊት ጊዜ ላይ ስትደርሱ ሁሉንም ነገር በ«ዊል» ሲጨርሰው ታገኙታላችሁ። ማታ የእራት ቀጠሮ አለው፤ «አይ ዊል ሚት ማይ ፍሬንድ» ይላል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ «ኢት ዊል ሬይን» ይላል። ሐሳቡ ይገባችኋል፤ ግን እንግሊዝኛን አፉን የፈታበት ሰው እንዲህ አይልም።

ኮሪያኛ የወደፊት ጊዜ ስላጣ አይደለም። የግሱ መጨረሻ እየተቀያየረ ቃል መግባትን፣ ዕቅድን፣ ግምትን ይለያል። ተማሪው ግን ሁሉንም ወደ አንድ «ዊል» ይገለብጣቸዋል። ስለዚህ ልምምዱ ከኮሪያኛው ቢነሳ ይሻላል ባይ ነኝ። እኛ ደግሞ ነገሩ ቶሎ ይገባናል። «ነገ እሄዳለሁ» እና «በየቀኑ እሄዳለሁ» ስንል ግሱ ያው ነው። ኮሪያኛም «ኔይል ጋዮ» ብሎ በአሁን ጊዜ ግስ ስለ ነገ ይናገራል።

መጀመሪያ በ«ልኬዮ» የሚያልቀውን ያዙ። «ዮሮ ጁልኬዮ» የኛው «ልክፈትልህ» ነው። እዚያው የተወሰነ፣ ፊት ለፊት ላለ ሰው የሚነገር ነገር ነው። የ«ዊል» ዋና ቦታ እዚህ ጋ ነው። እናንተ ችግር ተናገሩ፣ እሱ ወዲያው ይመልስ። ሞቀኝ ስትሉት «አይል ኦፕን ዘ ዊንዶው» ይበል። ሻንጣው ከበደኝ ስትሉት «አይል ካሪ ኢት»። ሳያስብ እስኪመልስ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉ።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። አብራኝ ትለማመድ የነበረች ልጅ «አይ ኮል ዩ» አለችኝ። ልትደውልልኝ ነው ወይስ ደውላልኝ ነበር? አልለየልኝም። ለማለት የፈለገችው «አይል ኮል ዩ» ነበር፤ ያቺ «ል» ተውጣ ቀረች። በእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ል» ከኮሪያኛው ወፈር ይላል፤ የምላስ ጀርባ ወደ ኋላ ይሳባል። «አይል» የሚለውን ብቻውን ደጋግሞ ይበለው፣ ከዚያ ከ«ኮል» ጋር ያያይዘው። «አይ ዊል» ብሎ መዘርዘር መፍትሔ አይመስለኝም። ጠንከር ተደርጎ ሲነገር እልህ ያለበት ይመስላል።

ቀጥሎ ስልኩን ያውጣና የቀጠሮ መመዝገቢያውን ይክፈት። ከሰው ጋር የተያዘ ቀጠሮ በኮሪያኛ «ማናጊሮ ሄሶዮ» ይባላል፤ «ልንገናኝ ወስነናል» እንደማለት። በእንግሊዝኛ ይህ «አይም ሚቲንግ ማይ ሲስተር አት ሰቨን» ይሆናል። ከማንም ጋር ያልተቀጣጠረበት፣ በልቡ ያሰበው ነገር ግን በ«ኮዬዮ» ያልቃል። እሱን «አይም ጎዪንግ ቱ» ይበለው፤ «ልገዛ ነው» እንደምንለው።

«ኮዬዮ» ግን ለግምትም ያገለግላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ይመጣ ይሆናል» ለማለት ከሆነ «ሂል ፕሮባብሊ ካም» ይሻላል። ስለዚህ ተማሪው ሲደናገር «አቅደኸው ነው ወይስ ገምተህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ደመና ያለበት ቀን ካገኛችሁ በመስኮት አሳዩት። በኮሪያኛ «ፒጋ ኦል ኮት ካታዮ» ይላል፤ ዝናብ ሊመጣ ይመስላል ማለቱ ነው። ምልክቱ በዓይን እየታየ ስለሆነ «ኢትስ ጎዪንግ ቱ ሬይን»።

በመጨረሻ «ዌን» ያለበትን ዓረፍተ ነገር አምጡ። «ቤት ስሄድ» በኮሪያኛ «ጂቤ ጋል ቴ» ነው። «ጋል» ውስጥ ያለችው «ል» የወደፊት ጊዜ ስለምትመስለው «ዌን አይ ዊል ጎ ሆም» ይላችኋል። ትክክለኛው «ዌን አይ ጌት ሆም፣ አይል ኮል ዩ» ነው። እናንተ የመጀመሪያውን ግማሽ ጀምሩለት፣ እሱ ይጨርስ፤ ከዚያ ተቀያየሩ። «እችላለሁ»ን ለወደፊት ሊል ፈልጎ «ዊል ካን» ካለም «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ብሎ እንዲደግመው አድርጉ።

ሲሳሳት የሰዋስው ሕግ አትዘርዝሩለት። «ልኬዮ ነው ወይስ ኮዬዮ?» በሉት። ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ራሱ ያስተካክለዋል።