የበረዶ ላይ ማጥመጃ ዘንግ ስትገዙ ጫፉን በጂጋችሁ ክብደት ለኩት

በአሜሪካ የምትገኘው የሚኒሶታ ግዛት ሐይቆች ብዙውን ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ማርች ሰው የሚሸከም በረዶ ይይዛሉ። ከበረዶው ሥር ያለው ውሃ ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ስለሆነ ዓሣው ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ምግብ እያሳደደ አይጎርስም። ጠጋ ብሎ ያያል፣ ማባበያውን ከውሃው ጋር ወደ አፉ ይስባል፣ ካልተስማማው ወዲያው ይተፋል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። በዚያች ቅጽበት እጃችሁን ካላነሣችሁ ዓሣው ሄዷል፤ መምጣቱንም አታውቁም። ይህን የሚነግራችሁ የዘንጉ ጫፍ ነው።

ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ ዘንጉን ወዝወዝ ያደርግና ጫፉ ስለተልፈሰፈሰ ብቻ «ይሄ ጥሩ ነው» ብሎ ይገዛዋል። ልፍስፍስነትና ንክሻን ማሳወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ንክሻ በሁለት መንገድ ይታወቃል፦ ጫፉ ሲንቀሳቀስ በዓይን በማየት፣ ወይም ንዝረቱ በዘንጉ ወርዶ መዳፍ ላይ ሲሰማ። ድፍን ፋይበርግላስ በቀላሉ ይጎብጣል፣ ቅዝቃዜና መንገላታት ይችላል፣ ንዝረቱን ግን ይውጠዋል፤ ስለዚህ የዓይን ዘንግ ነው። ካርቦን ትንሿን ንዝረት ሳይቀር ለእጅ ያደርሳል፤ ነገር ግን በረዶው ላይ ከተቆፈረው የማጥመጃ ጉድጓድ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ወይም በር ሲዘጋበት ቶሎ ይሰበራል። ግንዱ ካርቦን ሆኖ ጫፉ ላይ ፋይበርግላስ የተቀጠለበት ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ አንድ ዘንግ ብቻ ለሚገዛ ሰው እኛ የምንመክረው እሱን ነው።

ከዘንጉ በፊት ግን ጂጉን ወስኑ። ጂግ ማለት ትንሽ ብረት የተጣበቀበት መንጠቆ ነው። ብሉጊልና ክራፒ ለሚባሉት ትናንሽ ዓሦች የሚያገለግለው የተንግስተን ጂግ በሚሊ ሜትር ይለካል፦ 3 ሚሊ ሜትሩ ግማሽ ግራም ገደማ፣ 4 ሚሊ ሜትሩ ወደ 0.9 ግራም፣ 5 ሚሊ ሜትሩ ወደ 1.7 ግራም ይመዝናል። ተንግስተን የሚባለው ብረት ከእርሳስ ብረት በጣም ስለሚከብድ ትንሽ ሆኖም ቶሎ ይሰምጣል፣ ክሩንም ወጥሮ ይይዛል። ክሩ ካልተወጠረ የትኛውም ጫፍ አይረዳችሁም። ዎልአይ ለሚባለው ተለቅ ያለ ዓሣ የሚጣለው ማንኪያ መሳይ ብረት ግን ከ3.5 እስከ 7 ግራም ይደርሳል። የግማሽ ግራም ጂግ የሚያሳይ ጫፍ በ7 ግራም ብረት ሥር ይንጠለጠልና ይቀራል፤ የ7 ግራሙ ጫፍ ደግሞ ግማሽ ግራሙን ከነመኖሩም አያውቀውም። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ዘንግ ላይ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

ብሉጊል በቅርጹ ቆሮሶን ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ አፉም ጠባብ ነው። ለእሱ ከ24 እስከ 28 ኢንች የሚረዝም፣ በጣም ቀላል ከሚባለው ክፍል የሆነ ዘንግና ከ2 እስከ 3 ፓውንድ የሚችል ክር ይበቃል። ክራፒ የሚነክሰው ለየት ባለ መንገድ ነው። ዓይኖቹ ወደ ላይ ስለሚያዩ ከታች መጥቶ ጂጉን አፉ ውስጥ እንደያዘ ወደ ላይ ይነሣል። ያን ጊዜ ጫፉ በመጎተት ፈንታ ይቀላል፤ ጎብጦ የነበረው ቀጥ ይላል፣ ክሩም ይረግባል። እጅ ይህን አይሰማም፤ ዓይን ብቻ ነው የሚያየው። ለዚህ ሲባል በጫፉ ላይ ቀጭን የሽቦ ምላስ ይደረጋል። አንዳንዱ ዘንግ ከፋብሪካው አብሮት ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በኋላ ይታሰራል። ከተቻለ ምላሱን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ ርዝመቱን ማስተካከል የሚቻልበትን ውሰዱ፦ ሲረዝም ለግማሽ ግራም ይሆናል፣ ሲያጥር ለ5 ሚሊ ሜትሩ። ጂጉን በለወጣችሁ ቁጥር ምላሱንም አስተካክሉ።

ዎልአይ ሌላ ጉዳይ ነው። ብረቱን አንሥታችሁ ስትጥሉ በውሃው ውስጥ ዘሎ ካልወደቀ አይመጣም፤ ለስላሳ ጫፍ ያንን እንቅስቃሴ ይበላዋል። ከ28 እስከ 32 ኢንች የሆነ፣ ጫፉ ፈጥኖ የሚመለስ መካከለኛ የካርቦን ዘንግ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ከሚችል ክር ጋር ያዙ። ንክሻው እጅ ላይ «ዱብ» ብሎ ይሰማል። ሚኒሶታ በበረዶ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ክር ስለሚፈቅድ፣ ብዙዎች በአንድ እጃቸው ብረቱን እያጫወቱ ሌላውን ዘንግ ሕያው ትንሽ ዓሣ አስረው በማቆሚያ ላይ ይተዉታል። ለዚህ ለሁለተኛው የሚሻለው ጫፉ ረዥምና ለስላሳ የሆነ ፋይበርግላስ ነው፤ ዎልአዩ ሲጎርስ ዘንጉ ቀስ ብሎ ስለሚከተለው ክብደት ተሰምቶት አይተፋም። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ፈቃድ ማውጣት እንደሚያስፈልገው፣ በእግር ለመሄድም ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረት ያለው ጥርት ያለ አዲስ በረዶ እንደሚጠየቅ አትርሱ። ነጭና አረፋማ በረዶ ከሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይፈተናል?

የራሳችሁን ጂግና ሁለት ክንድ ያህል ክር ይዛችሁ ሂዱ። ክሩን በቀለበቶቹ ሁሉ አሳልፉና ጂጉን አንጠልጥላችሁ ዘንጉን አግድም ያዙ። ጫፉ በጂጉ ክብደት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ምንም ካልጎበጠ ክራፒ ከታች ሲያነሣው የሚያሳየው ነገር የለውም። ወደ መሬት ከተቀለበሰ ደግሞ አቅሙ በጂጉ ብቻ አልቋል፤ ለዓሣው የተረፈ መጎበጥ የለም። ቀጥሎ ጂጉን ከሥሩ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንሡት፤ ጫፉ ሲነሣ ከአንድ ሜትር ርቀት በግልጽ ካልታየ ሌላ ዘንግ አንሡ። ከዚያ በእጅ አንጓ ብቻ ትንሽ ነቅነቅ አድርጉትና አቁሙ። ጥሩ ጫፍ ወዲያው ይረጋል። እየተወዛወዘ የሚቆይ ከሆነ ንክሻውን ከራሱ ውዝዋዜ መለየት አትችሉም።

አሁን ጓደኛችሁ ክሩን ወደ ታች ቀስ ብሎ ይጎትት፣ እናንተ የመጎበጡን መስመር ከጎን ተመልከቱ። መጀመሪያ ጫፉ፣ ከዚያ መካከሉ፣ በመጨረሻ ግንዱ እየተከታተሉ ሊጎብጡ ይገባል። አንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን የሚታጠፍ ከሆነ ቅጥያው ደካማ ነው፤ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው። በቀለበቶቹ ውስጥ ትንሽ ጥጥ ብታሳልፉ የተሰነጠቀ ወይም ሻካራ ቦታ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ያ ቦታ የ2 ፓውንድ ክር በአንድ ቀን ይቆርጣል።

ቀለበቶቹ ሰፋ ያሉ ይሁኑ። በብርድ ክሩ ይዞት የሚወጣው ውሃ ቀለበቱ ላይ እየረጋ ይዘጋዋል፤ ጠባቡ ቶሎ ይደፈናል። የሽቦ ምላሱ መዳረሻ ላይ ያለችው ቀለበት በተለይ ትንሽ ስለሆነች፣ ከድንኳን ውጭ በነፋስና በከባድ ብርድ ከምላሱ ይልቅ የተቀጠለ ጫፍ ይሻላል። ነፋስ ደግሞ ምላሱን ራሱ እያወዛወዘ ያታልላል። በረዶ የያዘን ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ነክራችሁ ወይም በጣታችሁ አሟሙታችሁ አጽዱት። በጉልበት የሚያራግፍ ወይም በጥርሱ የሚነክስ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጫፍ ይሰብራል። የጫፉን ቀለምም እዩ፦ ነጭ በረዶ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ጥቁር ይታያል፤ ጨለማ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ነጭ ወይም የሚያበራ ቀለም።

እጀታው ቡሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ብረት የነካ ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ንዝረት አይሰማም። ክር መጠቅለያውን፣ ሪሉን፣ አስራችሁ ዘንጉን በሁለት ጣት ላይ ስታስቀምጡት ከመጠቅለያው እግር አጠገብ ሚዛኑን ቢጠብቅ እጅ አይደክምም። ለትንሽ ጂግ እንደ መንኮራኩር ቀጥ ብሎ የሚጠቀልል ሪል ብትጠቀሙ ክሩ አይጠመዘዝም። በተለመደው የሚሽከረከር ሪል የተጠመዘዘ ክር ጂጉን ውሃ ውስጥ ያሾረዋል፣ ብሉጊልም የሚሽከረከር ምግብ አይቶ ይሸሻል። ክሩ ራሱ እንደ ምንጭ ተጠቅልሎ ከወረደ የጫፉ ጥቅም ይጠፋል፤ ማባበያ ከመጣላችሁ በፊት ሁለት ክንድ ያህሉን በሁለት እጅ ወጥራችሁ ያዙትና ይፍታታ። ተገምዶ የተሠራ ክር ውሃ ይጠጣና በብርዱ እንደ እንጨት ይገተራል፤ ማሞቂያ ያለው ድንኳን ከሌላችሁ ለትናንሽ ጂግ አትምረጡት።

በጥልቅ ውሃ፣ ለምሳሌ በ30 ጫማ፣ ናይለን ክር ስለሚለጠጥ ንክሻው ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይሞታል። ፍሎሮካርቦን ወደሚባለው ክር ቀይሩ፣ ወይም ጂጉን አንድ ቁጥር አሳድጉ፤ ያን ጊዜ ምላሱንም አሳጥሩት። ክራፒ ሲነክስ በኃይል አትንጠቁ። የአፉ ሥጋ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል፤ የእጅ አንጓን ከፍ ማድረግ በቂ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጫፍ የሚሰበረው በመኪና ውስጥና ዕቃ ተጭኖ በረዶ ላይ በሚጎተተው ስሌድ ላይ ነው። ጠንካራ ሳጥን ወይም ጫፍ መሸፈኛ ያለው ቦርሳ አብራችሁ ግዙ፤ ጂጉንም በጫፉ ቀለበት ላይ ሳይሆን በእጀታው አጠገብ ባለው ማንጠልጠያ ላይ ስቀሉ። ጫፉ ከላይ አንድ ኢንች ያህል ብቻ ቢሰበር ዘንጉን አትጣሉት። ስብራቱን በጥሩ አሸዋ ወረቀት አስተካክሉ፣ ቱቦው ከዘንጉ ውፍረት ጋር የሚገጥም አዲስ የጫፍ ቀለበት በሙቀት በሚቀልጥ ማጣበቂያ ለጥፉ። ዘንጉ ከቀድሞው ጠንከር ስለሚል ለ3 ሚሊ ሜትር ጂግ አይሆንም፤ በ5 ሚሊ ሜትሩ ግን ያንኑ የማንጠልጠል ፈተና ደግማችሁ ሞክሩት።