የቫዮሊን አያያዝና የጣት አቀማመጥ ከዜሮ እንዴት ይጀመራል?

ቫዮሊን የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ለግራ እጁ ነው። "ጣቴን የት ላድርግ?" ይላል። እኔ ግን ከቀኝ እጅ ጀምሩ እላለሁ። ድምፁን የሚያወጣው ደጋኑ፣ ብዙዎች ቦው የሚሉት፣ ነውና።

መጀመሪያ እርሳስ ያዙ። ቀኝ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁት። ጣቶቻችሁ በራሳቸው ጎበጥ ይላሉ። ያንን ቅርፅ ሳታበላሹ እርሳሱን አስገቡ። አውራ ጣት ታጥፎ ከሥር ይሆናል፤ መሃል ጣት ከፊት ለፊቱ ይውላል። ሌባ ጣትና የቀለበት ጣት ግራና ቀኝ ዘና ብለው ያርፋሉ። ትንሿ ጣት ጎበጥ ብላ በጫፏ ከላይ ትቀመጣለች። ዋናው ነገር አውራ ጣት ነው። እሱ ቀጥ ብሎ ከተገተረ አንጓችሁም ትከሻችሁም ይደርቃል። ቴሌቪዥን እያያችሁም ቢሆን ጥቂት ቀን በእርሳስ ተለማመዱ፤ ከዚያ ወደ ደጋኑ እለፉ።

ቫዮሊኑን በግራ በኩል አንገታችሁ ሥር ባለው አጥንት ላይ አሳርፉት። መንጋጋችሁን በማሳረፊያው ላይ ጣል አድርጉ እንጂ አትጫኑ። ትከሻችሁን ወደ ላይ አታንሱ። ከተንሸራተተባችሁ የትከሻ መደገፊያ ይረዳል።

አሁን መስታወት ፊት ቁሙ። ጣት ሳትጭኑ ላ ክር (ከቀጭኑ ክር ቀጥሎ ያለው፣ ላ ድምፅ የሚሰጠው) ላይ ደጋኑን ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ደጋኑ ከብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹን ደግፎ ከያዘው ቀጭን እንጨት፣ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ በብሪጁና በጣት ሰሌዳው መሃል መሄድ አለበት። ሲጢጥ አለ? መጀመሪያ መንገዱ መጣመሙን እዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተጫናችሁትን መቀነስ።

ወደ ግራ እጅ እንምጣ። የቫዮሊኑ አንገት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሥር መካከል ቀለል ብሎ ያርፋል። መዳፋችሁ እንዳይነካው፣ አንጓችሁም ወደ አንገቱ እንዳይታጠፍ። ጣቶች ከሌባ ጣት ጀምሮ ከ1 እስከ 4 ይቆጠራሉ፤ አውራ ጣት ቁጥር የለውም።

ላ ክር ላይ 1ኛ ጣትን በጫፉ ጫኑ፤ ሲ ይሰማል። በሙሉ መጠን (የአዋቂ) ቫዮሊን ቦታው በአንገቱ ጫፍ በኩል ካለው የክሩ መነሻ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 2ኛው ራቅ ብሎ ዶ ዲዬዝ (ከዶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) ላይ ይቀመጣል፤ 3ኛው ከ2ኛው ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ እሱ ሬ ነው። ጥፍር ካስቸገራችሁ ቁረጡት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 3ኛውን ጣት ጭናችሁ ላ ክርን ስትመቱ ዓይናችሁን አጠገቡ ባለው ሬ ክር ላይ ጣሉ። ጣታችሁ ትክክል ከሆነ ማንም ያልነካው ሬ ክር ይርገበገባል። ድምፁም ሰፋ ብሎ ይደውላል። በፀጉር ያህል ከሳታችሁ ዝም ይላል። ይህን ባየሁ ቁጥር አሁንም ደስ ይለኛል! ከየትኛውም የተለጠፈ ምልክት የተሻለ አስተማሪ ነው። ምልክት ዓይንን ያስለምዳል፤ ይህ ግን ጆሮን ያነቃል። 4ኛው ጣት ደግሞ ሚ ይሰጣል፤ ከባዶው ሚ ክር ጋር አስተያዩት።

ይህ ሁሉ አንደኛ ፖዚሽን (ግራ እጅ በአንገቱ ላይ የሚይዘው የመጀመሪያ ቦታ) ይባላል። ወራት ቢፈጅም አትቸኩሉ። ወደ ሦስተኛ ፖዚሽን ስትሄዱ አውራ ጣትን ጨምሮ እጃችሁ ባንድ ላይ ይንሸራተታል፤ 1ኛው ጣት 3ኛው የነበረበት ቦታ፣ ሬ ላይ፣ ያርፋል። መድረሳችሁን ያው ሬ ክር ተርገብግቦ ይነግራችኋል።