በተከታታይ ሥዕል ታሪክ እንዴት ይነገራል?

የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን ባህላዊ ሥዕል የሆነ ቦታ ሳታዩት አትቀሩም። በጨርቅ ወይም በብራና ላይ ይሳላል፤ በትናንሽ ሳጥኖች ይከፋፈላል፤ ከእያንዳንዱ ሥር አጭር ጽሑፍ አለው። ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ብዙዎቻችን የቱሪስት ዕቃ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ለቴሌግራም ወይም ለኢንስታግራም ተከታታይ ምስል መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

የምንሠራው ሥራ ይኑረን። የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛችሁ፣ ልብሱን ስለሚሠራላት ሸማኔ የሚናገር ስድስት ምስል ሥሩልኝ አለቻችሁ እንበል።

1. ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። ማን ነው? ምን ፈለገ? ምን አጋጠመው? ምን ሆነ?

«ሸማኔዎቻችን በእጃቸው ያማረ ልብስ ይሠራሉ» ታሪክ አይደለም፤ መግለጫ ነው። «ሰርጉ ቅዳሜ ነው፣ ጥለቱ ሳያልቅ ሙሽራዋ የመረጠችው አረንጓዴ ክር አለቀ» ብትሉ ግን ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ያንን ጥያቄ ካላስነሳ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። ደግሞ ለማስታወቂያ ከሆነ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ሸማኔው ዘንድ ሄዳችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ጠይቁት። እንዲህ ያለ ገጠመኝ የሌለው ሸማኔ ካለ ይገርመኛል።

2. ከዋናው ቅጽበት ጀምሩ

ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ምስል ይጀምርና መጨረሻው ላይ ቦታ ያጥረዋል። ገልብጡት። ነገሩ የሚወሰንበትን ቅጽበት አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ሌሎቹን ምስሎች ለሱ ማዘጋጃ አድርጓቸው።

እዚህ ላይ ወደ ማክዳ እንመለስ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሰሎሞን ራት ይጋብዛታል፤ ምግቡ በቅመም የተቃጠለ ነው። እሱ በግድ ላይነካት፣ እሷም ከቤቱ ምንም ላትወስድ ይማማላሉ። ውኃ በዕቃ ተደርጎ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል። ሌሊት ውኃ ጥም ያስነሳታል። ልትጠጣ ስትል ንጉሡ እጇን ይይዛል።

ዋናው ቅጽበት የትኛው ነው? ራቱ አይደለም፣ መሐላውም አይደለም። እጇ ውኃው ላይ፣ የሱ እጅ ደግሞ የሷ ላይ ያረፈበት ነው። ግን ያንን ሥዕል ብቻውን ብታዩት ምንም አይገባችሁም። ሰው ውኃ ሊጠጣ ሲል ተያዘ፣ በቃ። ትርጉም የሚሰጡት ከሱ በፊት ያሉት ናቸው፤ ቅመሙን አይተናል፣ መሐላውን አይተናል፣ የውኃውን ዕቃም አይተናል። ልብ በሉ፣ ዕቃው ከመፈለጉ በፊት ነው የታየው። ድንገት እዚያው ብቅ ቢል ኖሮ ማታለል ይመስል ነበር።

በመሐል ያለው ረጅም የጥም ሰዓት ደግሞ አይሳልም። አልጋው ላይ ስትገላበጥ ሦስት ሥዕል አያስፈልግም። ያንን ተመልካቹ ራሱ በሁለት ሳጥን መካከል ይሞላዋል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁሉንም ካላሳየሁ ይላል።

በእኛ ሥራ ዋናው ቅጽበት ሸማኔው ባዶውን የክር መጠቅለያ የያዘበት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ምስል የአረንጓዴው ክር ጥቅል ወፍራም ሆኖ ጥግ ላይ ይታይ። በሁለተኛው ይቅጠን። ማንም ትኩረት ባይሰጠው ግድ የለም፤ በኋላ ይገባዋል።

3. በትናንሽ ወረቀቶች ንደፉ

ወረቀት ቆራርጡ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ምስል በእርሳስ ሞንጭሩ። ሰው በአምስት መስመር ይሳላል፤ ውበት አሁን አያስፈልግም። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው፣ አቀያይሯቸው፣ አንዱን አንሡና እዩ። ቢነሣም ታሪኩ የማይጎድል ከሆነ ጣሉት።

4. ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቅ

ሸማኔው በአንዱ ምስል ሰማያዊ ሹራብ፣ በሌላው ነጭ ሸሚዝ ከለበሰ ተመልካቹ ሁለት ሰው ይመስለዋል። አንድ ልብስ፣ አንድ ቀለም።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን አንድ ተጨማሪ ብልሃት ነበራቸው። ደጉ ሰው ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው በጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋ ጦርነት በሚያሳዩ ሥዕሎች ላይም ወራሪዎቹ በጎን ናቸው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የማን ወገን ማን እንደሆነ አይጠፋውም። ዛሬ ክፉና ደግ እያሉ መለየቱ ላይጠቅመን ይችላል፤ ፊት ለፊት የሚያየን ሰው እንደሚቀርበን ግን አሁንም እውነት ነው። ሸማኔው ክሩ ሲያልቅበት ወደ እኛ ይይ። ሙሽራዋ ስልክ ስታወራ በጎን ትሁን።

5. አቅጣጫና ርቀት

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ዓይናችንም ወደዚያው ይሄዳል። ክር ፍለጋ ሲወጣ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ ሲመለስ ወደ ግራ። ርቀቱንም ለዋውጡ። እዚህ ላይ ከባህላዊው ሥዕል እለያለሁ፤ እዚያ ሰዎቹ በየሳጥኑ በአብዛኛው ከሩቅ፣ በሙሉ ቁመና ይታያሉ፣ ለግድግዳም ያምራል። በስልክ ስክሪን ግን ያሰለቻል። አንዴ ቤቱን በሙሉ፣ አንዴ ጣቶቹን ብቻ።

6. ጽሑፉን መጨረሻ ላይ አስገቡ

ምስሉ ያሳየውን ጽሑፉ አይድገመው። ክሩ ማለቁ እየታየ «ክሩ አለቀ» ብሎ መጻፍ ምን ይረባል? «ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት» ብትሉ ግን ምስሉ የማይናገረውን ጨመራችሁ፤ ጭንቀቱም በረታ።

ፊደላችን ሲያንስ ቅጥያዎቹ ይደበዝዛሉ፤ ሉና ሊ ይምታታሉ። 1080 በ1350 ፒክስል በሆነ ምስል ላይ ከ40 ፒክስል ባታወርዱት ይሻላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ጥርት ብሎም ይነበባል። ጌጠኛ ፊደል ለርዕስ ብቻ ይሁን።

7. ያለ ጽሑፍ አስነብቡ

ጽሑፉን በሙሉ አጥፉና ምስሎቹን ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡ። «ምን ሆነ? ንገረኝ» በሉት፤ ከዚያ ዝም በሉ። ማስረዳት ያምራችኋል፣ ግን ዋጥ አድርጉት። የተደናገረበትን ቁጥር ጻፉና ያንን ምስል ብቻ አስተካክሉ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተደናገረ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ምስል ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት ባለው ላይ ነው፤ መታየት የነበረበት ነገር ሳይታይ ቀርቷል። ቴሌግራም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ምስል ስለሚያስተላልፍ፣ የጎደለውን ለመጨመር አራት ቦታ ይተርፋችኋል።