ነፃ ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት

የፊልም አገልግሎቶች «7 ቀን በነፃ ይሞክሩ» እያሉ ካርድ የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙከራው ሲያበቃ ማንም ደውሎ «ይቀጥል ወይ?» አይላችሁም። ዝም ካላችሁ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል፤ የወሩ ሂሳብ፣ አንዳንዴም የዓመቱ፣ ከካርዳችሁ ይቆረጣል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ስንት እንደሚቆረጥና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ እዚያ አለ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ላይ ነው፦ አፑን ከስልክ ማጥፋት ምዝገባውን አያቋርጥም። ማቋረጥ ያለባችሁ በተመዘገባችሁበት በኩል ነው። በአይፎን ከሆነ ሴቲንግ ገብታችሁ ስማችሁን ንኩ፣ ከዚያ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን። በአንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ውስጥ። በድረ ገጹ ከሆነ እዚያው አካውንታችሁ ውስጥ።

የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። አፕል ራሱ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት አቋርጡ ይላል። እኔ የምመክረው በተመዘገባችሁበት ዕለት ማቋረጥ ነው፤ ብዙዎቹ የሙከራው ቀን እስኪያልቅ ማየት አይከለክሏችሁም። የአፕል ቲቪ ሙከራ ግን ስታቋርጡት ወዲያው ሊዘጋ ይችላል። ለእሱ ከሁለት ቀን በፊት የሚያስታውሳችሁ አላርም ሙሉ።

በነገራችን ላይ፣ ኔትፍሊክስ አሜሪካ ውስጥ ነፃ ሙከራ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። «የኔትፍሊክስ ነፃ ወር» የሚል ሊንክ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ከደረሳችሁ አትክፈቱት፤ የካርድ ቁጥራችሁንማ በፍጹም እንዳትሰጡ።