ቅዳሜን ከጨዋታው ወደ ኋላ መቁጠር፦ ሩጫ፣ ወፍጮ ቤትና ኳስ በአንድ ቀን

ከካራ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መስመር ለሚኖር ሰው ቅዳሜ ብዙ ነገር ትጠይቃለች። ሳምንቱን ሙሉ ወንበርና ታክሲ ላይ የዋለ አካል መፍታታት ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ጤፉ አልቋል፣ የመብራት ካርዱ ሊያልቅ ነው፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ከሰዓት ደግሞ ኳስ አለ። ብዙዎቻችን ከጠዋት ተነስተን ያገኘነውን እየሠራን ወደ ማታ እንጓዛለን፤ ጨዋታው ሲጀምር ግን ወይ ወረፋ ላይ ነን ወይ ቤት ያለው ሰው አኩርፎብናል። እኔ ከዓመታት በኋላ የያዝኩት መንገድ ቀኑን ከጨዋታው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሩጫውን ማስቀደም፣ ገበያውን ማዘግየት ይቻላል፤ ጨዋታው ግን ማንንም አይጠብቅም።

አርብ ማታ፦ ሰዓቱን አጣሩ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ይከፈላሉ። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ የእነሱ ግን በዓመት ሁለቴ ይቀየራል። ሊጉ ከሚጀምርበት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ጨዋታ ከቀኑ 8:30፣ ዋናዎቹ 11:00፣ የመጨረሻው ከምሽቱ 1:30 ላይ ይጀምራሉ። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ባለው አንድ እሁድ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ከዚያ ጀምሮ ጨዋታዎቹ በ9:30፣ በ12:00 እና በ2:30 ይሆናሉ። መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ እንደገና ወደ ድሮው ይመለሳል።

የመጋቢቱ ለውጥ ነው የሚጎዳው። የጥቅምቱን ብትረሱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ደርሳችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። የመጋቢቱን ብትረሱ ግን እኔ እንደሆንኩት 12 ሰዓት ላይ ስትገቡ የመጀመሪያው አጋማሽ አልቆ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ አርብ ማታ ስልካችሁ ላይ፣ ወይም የምታዩበት ቤት ደጅ በጠመኔ የተጻፈውን ሰሌዳ አይታችሁ አረጋግጡ።

የአትሌቲክስ ወዳጅ ከሆናችሁ ቀኑ ሌላ ነው። ትልልቆቹ ማራቶኖች ብዙውን ጊዜ እሁድ ናቸው። የበርሊኑ በመስከረም ወር፣ በእኛ ከጠዋቱ 4:15 ገደማ ይጀምራል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. 2:03:59 የገባው፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2019 ከዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ በ2:01:41 የጨረሰው፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2:11:53 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ ነው። እንዲህ ያለው እሁድ ሲመጣ ሩጫውም ሥራውም ወደ ቅዳሜ ይዛወር።

ሩጫው

ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት አትውጡ። በየካ ተራራ ሥር ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ጎህ ሳይቀድ ጅብ ወደ ጎሬው የሚመለስበት ሰዓት ነው። ብቻችሁንም አትውጡ፤ አንድ ጎረቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ብርድ ልብስ አያሸንፈውም። ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ ብርጭቆ በሶ በማር በጥብጣችሁ ጠጡ። ከባድ ቁርስ ስትመለሱ ይደርሳል።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ ተወልደን ብናድግም፣ ወር ሙሉ ሳይሮጥ ከርሞ ቅዳሜ ዳገት የሚወጣ ሰው ልቡ ትመሰክርበታለች። መለኪያው ቀላል ነው፦ አብሯችሁ የሚሮጠውን ሰው ሳታቋርጡ ማናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል፤ ቀንሱ። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ በእርምጃና በቀላል ሶምሶማ አሟሙቁ፣ 20 ደቂቃ ሩጡ፣ በቀረው 10 ደቂቃ እየተራመዳችሁ ቀዝቅዙና ባታችሁንና ጭናችሁን አሳስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የቅዳሜው 40 ደቂቃ ብቻውን አይሞላውም፣ በሥራ ቀን በእግር በመሄድ ጨምሩበት።

አትሌቶቻችን ጫካ ውስጥ ሰልፍ ሠርተው፣ አንዱ የሌላውን ኮቴ እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሐል በዚግዛግ ሲሮጡ አይታችሁ ይሆናል። ይህን ለመቅዳት አትሌት መሆን አያስፈልግም። ዳገቱን ፊት ለፊት ከመግጠም እየቆረጡ መዞር ይቀላል፤ አፈሩም ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ይራራል። ለገጣፎና ሰንዳፋ መሐል ያለው አስፋልት ሜዳ መሆኑ ያጓጓል፤ ግን የደብረ ብርሃንና የደሴ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና አያጣውም። እዚያ ከሮጣችሁ በግራ ጠርዝ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ ሩጡ።

ስለ ውሻ ልንገራችሁ፣ ዳር ከተማ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ያጋጥመዋልና። ሲጮህባችሁ አትሩጡ፤ ሩጫ ያባብሰዋል። ቁሙ፣ ጀርባችሁን ሳትሰጡ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ አፈግፍጉ። ብዙ ጊዜ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ትንሽ ጭረት ናት ብላችሁ አትተውት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲወሰድ ነው።

ወፍጮ ቤት

ከሥራዎቹ ሁሉ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሩጫው እንዳለቀ፣ ታጥባችሁ ቁርስ እንደበላችሁ ይከተል። ከ3 ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው ወረፋው ያጥርለታል። ከሰዓት የሄደ መብራት ከጠፋበት፣ ጆንያውን አስቀምጦ መጠበቅ ወይም ተሸክሞ መመለስ ነው።

እህሉን አርብ ማታ አዘጋጁ። ጤፉ በወንፊት ይነፋ፣ ሽሮው ተቆልቶ ይቀዝቅዝ፣ በርበሬው ደርቆ ይታሰር። ወፍጮ ቤት ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ወረፋ ነው።

«እትዬ፣ መጨረሻ ሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ፤ ከእኔ ቀጥለህ ነህ።»

ሁለተኛው ጥያቄ ለወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ነው፦ አሁን ያለፈው ምንድን ነው? በርበሬ ባለፈበት ወፍጮ ጤፍ ከገባ እንጀራው ሳምንቱን ሙሉ ይናገራል። ለበርበሬ የተለየ ወፍጮ ያለው ቤት ከሆነ ሥራው ተቃለለ፤ ከሌለው ጤፉ መጀመሪያ፣ ሽሮው ቀጥሎ፣ በርበሬው መጨረሻ ይሁን። ለበርበሬው አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ወይም በማስክ ሸፍኑ። ዱቄቱ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ቤት እንደደረሳችሁ አፉን ከፍታችሁ ወይም ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ትኩሱን ያሰረ ሰው እርጥበቱን አብሮ ያስራል፣ ዱቄቱም ይበላሻል። እኔ ይህን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ እስከ ዛሬም ጆንያ ሳስር እጄን ዱቄቱ ውስጥ ከትቼ እሞክራለሁ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ወረፋ እስኪደርስ ካርዱን አስሞሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ጀሪካኑ ከሁሉ ይቀድማል፣ ከሩጫም ቢሆን። ሽንኩርትና ቲማቲም በመመለሻችሁ ከጉሊት ግዙ፤ በብዛት ከሆነ የእሁድ ገበያ ባለበት ሰፈር ለነገ ማቆየት ይሻላል። ምሳ በልታችሁ ጋደም ካላችሁ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ፤ የሮጠ ሰው እንቅልፉ ከባድ ነው።

ጨዋታው

ለሰፈራችሁ ቅርብ የሆነውን ዲኤስቲቪ ቤት ምረጡ። መገናኛ ሄዶ ማየት ደስ ይላል፤ ግን በክረምታቸው የ2:30ው ጨዋታ ከምሽቱ 4:20 አካባቢ ነው የሚያልቀው፣ በዚያ ሰዓት ወደ ካራና ወደ የካ አባዶ የሚሄድ ታክሲ ይመናመናል። ትልቅ ጨዋታ ከሆነ፣ በተለይ አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገናኙ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ። ስክሪኑ ሥር ያለው አግዳሚ አንገት ይሰብራል፣ በሩ አጠገብ ያለው ደግሞ ገቢና ወጪ ይከልለዋል፤ ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ይሻላል። ለውዝ ወይም ቆሎ ውጭ ካለው ልጅ ግዙ። አጠገባችሁ በስልክ ኢንተርኔት የሚያይ ሰው ካለ እሱ ከሳተላይቱ ኋላ ነው፤ ጎሉን ቀድማችሁ አታበላሹበት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ውርርድ ቤቱ አጠገቡ ቢሆንም አትግቡ። የወፍጮውን ገንዘብ ትኬት ላይ ያዋለ ጎረቤት አይቻለሁ። ገንዘብ ካስያዛችሁ በኋላ የምታዩት ጨዋታውን ሳይሆን ትኬታችሁን ነው፤ ቆንጆ ኳስ ሲያልፍ እንኳ አያስደስታችሁም።

የመጨረሻውን ጨዋታ ለመጨመር ካሰባችሁ ውሳኔውን አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ከቤት ሳትወጡ ከቤተሰብ ጋር ጨርሱት። ማታ ስትመለሱ ከሰፈር ሰዎች ጋር ተያይዛችሁ፣ ኮሮኮንቹን በስልክ መብራት እያያችሁ ሂዱ። ጠዋት የሮጣችሁበት ጫማ እርጥብ ከሆነ ውስጡን በጋዜጣ ሞልታችሁ በር አጠገብ አቁሙት፣ ለማክሰኞ ይደርቃል።