የሰንበት ዝግጅት ረቡዕ ማታ ይጀምራል

እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲሰበስቡ፣ የሚጋገረውን ጋግረው የሚቀቀለውንም ቀቅለው እንዲያድሩ ታዝዘው ነበር (ዘፀ. 16)። ሥራ ለበዛበት የከተማ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ይወስኑ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት ብላ ታከብራለች፤ በ14ኛው መቶ ዘመን መነኩሴ በአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ላይ ብዙ መከራ ያስከተለው የቀዳሚት ሰንበት (የቅዳሜ) አከባበር በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸንቷል። ይሁን እንጂ ቅዳሜ እስከ ቀትር ቢሮ የሚውል ወይም ሱቅ የሚከፍት ሰው ሁለቱንም ቀናት በሙሉ ማግኘት ይከብደዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ቢያንስ ከቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት እስከ እሑድ ምሽት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ አጥብቆ ይያዝ።

ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። እንጀራው ቅዳሜ ጠዋት እንዲጋገር፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ የሚልበት ጊዜም እንዲኖረው፣ ሊጡ ረቡዕ ማታ መቦካት አለበት። የልጆች ዩኒፎርም ዓርብ ይታጠብ፤ የቤት ሥራቸውም ዓርብ ማታ ይለቅ። ዶሮ ወጥም ቢሆን ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ ብልቱ ተጨምሮ ቢያድር ለእሑድ ማሞቅ ብቻ ይቀራል፤ ያደረ ዶሮ ወጥ ይበልጥ እንደሚጣፍጥም ባለሙያ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ምግብ ተጨንቄ አይደለም። ለዓመታት በእኔ ቤት ሰንበት የሚከበረው በአንዲት ልጅ ድካም ነበር። እኛ ነጠላችንን ለብሰን ከቅዳሴ ስንመለስ ቤቱ ተወልውሎ፣ ቡናው ቀርቦ እናገኛለን፤ የቤት ሠራተኛችን ግን ገና ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ቀልቶ ምድጃ ሥር ትቆየናለች። አንድ እሑድ ጀበናውን እያወረደች፣ «እኔስ መቼ ነው የማስቀድሰው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዘዳግም 5 ሎሌና ገረድም እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ያዝዛል፤ ወዲያውም እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ባሪያዎች እንደነበሩ ያስታውሳቸዋል። ስለዚህ የሰንበትን ዕቅድ ስታወጡ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «እሑድ ማጀት የሚቆየው ማን ነው?» የሚለውን ይሁን፤ የቤት ሠራተኛም ትሁን እናት ወይም ታላቅ እህት፣ ተራው ይዙር፣ ሠራተኛዋም ደመወዟ ሳይነካ ትረፍ።

ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ጊዜ አትሙሉት። ሰንበቴ (በቤተ ክርስቲያን በሰንበት አብሮ የሚቀመስበት ማኅበር) ያለበት ሰው ከማኅበርተኞቹና ከነዳያን ጋር ይቅመስ፤ የታመመ ጎረቤት ካለ ይጠየቅ፤ ደክሞት የሰነበተ ሰው ተኝቶ ቢውልም አይነቀፍ። ጌታችን «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል» ብሏልና። አስቸጋሪው ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ ስልክ የሚከፈተው፣ «እግረ መንገዴን» እየተባለ ገበያ የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው። ስልኩን ቅዳሜ ምሽት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ክፍት መተው በእኛ ቤት ከምክር ሁሉ የበለጠ ረድቶናል።

እሑድ ተረኛ የሚሆኑ ነርሶች፣ ጥበቃዎችና ሾፌሮች ግን ራሳቸውን አይኮንኑ። በሽተኛን መርዳት በሰንበትም የተፈቀደ በጎ ሥራ ነው፤ የተረፈውን በተመለከተ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው በዕረፍት ቀናቸው በንጋት የኪዳን ጸሎት አድርሰው ያን ዕለት እንደ ሰንበት ይዋሉበት።

ጀማሪ ቤተሰብ መጀመሪያ ከቅዳሜ ምሽት እስከ እሑድ ቀትር ብቻ ይሞክር። ሦስት አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ ከሰዓቱን ይጨምር፤ ለዚህም በዚህ ሳምንት ረቡዕ ማታ ሊጡን ያቡካ።