የኮምፒውተር ስፒከር «እምምም» ሲል ድምፁን እንዴት ማጥፋት ይቻላል?

ኮምፒውተሩ ምንም ሳያጫውት ስፒከሩ «እምምም» ወይም «ዝዝዝ» የሚል ከሆነ፣ አዲስ ዕቃ ፍለጋ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ድምፁ በየት በኩል እንደሚገባ እወቁ። መግቢያው ብዙ አይደለም፤ ወይ ከመብራት መስመሩ፣ ወይ ከድምፅ ኬብሉ፣ ወይ ከኮምፒውተሩ፣ ወይ ከራሱ ከስፒከሩ ነው። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ነገር ነቅሎ ማዳመጥ፣ መልሶ ሰክቶ ሌላውን መንቀል ይበቃል። ሦስት ነገር በአንዴ የነካካ ሰው ድምፁ ቢጠፋለት እንኳ ምን እንዳጠፋው ስለማያውቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስበት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

መጀመሪያ ጆሮ ስጡት። ወፍራምና ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ከመብራት የመጣ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ የሚሰማው 50 ወይም እጥፉ 100 ኸርዝ ነው፤ አሜሪካ ለምትኖሩ 60 እና 120። ማውስ ስታንቀሳቅሱ ወይም ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት የሚለዋወጥ ቀጭን ፉጨት ከኮምፒውተሩ ውስጥ ይወጣል። «ሽሽሽ» የሚለው የማጉያው (የአምፕሊፋየሩ) የራሱ ድምፅ ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን። «ጢጢጢት ጢጢጢት» ብሎ ወዲያው ስልክ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ስልኩ ነውና ከስፒከሩና ከኬብሉ አርቁት።

ቀጥሎ የስፒከሩን ድምፅ ቀንሱና የድምፅ ኬብሉን ከስፒከሩ ጀርባ ንቀሉ፤ ከዚያ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። እምምታው አሁንም ካለ ኮምፒውተሩ ነፃ ነው። ስፒከሩን ሌላ ክፍል ወስዳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ በአካባቢው ያሉትን ቻርጀሮችና ብርሃን የሚቀንስ ማብሪያ ያለባቸውን አምፖሎች አጥፉ። የትም ቢሄድ ካልተለወጠ በውስጡ ያለው የኃይል ክፍል ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ስጡት። ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

ኬብሉ ሲነቀል ጸጥ ካለ ያንኑ ኬብል ቻርጅ በማይደረግ ስልክ ላይ ሰኩት። ስልኩ ላይም የሚጮኽ ከሆነ ኬብሉን ጃኩ (የሚሰካው ጫፉ) አካባቢ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ አዳምጡ። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነው፤ በሌላ ቀይሩት። ስልኩ ላይ ጸጥ ካለ ኬብሉም ስፒከሩም ደህና ናቸው ማለት ነው።

አሁን ኬብሉን ወደ ላፕቶፑ መልሱና ቻርጀሩን ንቀሉ። እምምታው ወዲያው ከጠፋ ዋናውን ጉዳይ አግኝታችኋል። ኮምፒውተሩና ስፒከሩ ሁለቱም ባለ ግራውንድ (ጅረትን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ ያለው) ሶኬት ላይ ሲሰኩ ግራውንዳቸው በሁለት መንገድ ይገናኛል፤ አንዱ በግድግዳው ሽቦ፣ ሌላው በድምፅ ኬብሉ መጠቅለያ ሽቦ። በሁለቱ ሶኬቶች መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ካለ ጅረቱ በኬብሉ መጠቅለያ በኩል ይፈስሳል፤ ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ይህ ነው። ተራ ኬብል ላይ መጠቅለያው የድምፁም መመለሻ ስለሆነ ያ ልዩነት ከሙዚቃው ጋር ተደምሮ ገብቶ ይጎላል። ብዙ ቤቶቻችን ደግሞ ጭራሽ የግራውንድ ሽቦ የላቸውም። እዚያ ከቻርጀሩ የሚያፈተልከው ትንሽ ጅረት (የላፕቶፑን ብረት ስትነኩ ጣት የሚወርረው እሱ ነው) መሄጃ ሲያጣ በድምፅ ኬብሉ በኩል ያልፋል። የዚህ እውነተኛ መፍትሔ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ለቤቱ ግራውንድ ማስቀበር ነው፤ ጥቅሙም ከስፒከር እጅግ ያልፋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። «የግራውንዱን እግር ቁረጠው፣ ይጠፋል» የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉ። እርግጥ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ያ እግር አንድ ቀን ውስጥ ያለው ሽቦ ተላጦ የስፒከሩን ብረት ቢነካ ጅረቱን ወደ መሬት የሚወስደው ነው። እሱ ከሌለ ጅረቱ የሚሄደው በነካው ሰው በኩል ነው።

መፍትሔውን ከርካሹ ጀምሩ። ኮምፒውተሩን፣ ሞኒተሩንና ስፒከሮቹን በሙሉ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ፤ ግራውንዳቸው አንድ ቦታ ሲገናኝ ልዩነቱ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ካውያና ምጣድ ግን እዚያ ላይ አይሰካ። የድምፅ ኬብሉን ከቻርጀርና ከመብራት ገመድ ጋር አብራችሁ አትጠቅልሉ፤ መተላለፍ ካለባቸው እንደ መስቀል ይተላለፉ።

ካልበቃ በኮምፒውተሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባ የግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር አለ። በውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ስላሉ ድምፁን ያሳልፋል፣ የግራውንዱን ግንኙነት ይቆርጣል። ርካሾቹ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ስለሚያሳሱ ከመክፈላችሁ በፊት ክራር ሳይሆን ቤዝ ጊታር ያለበት ሙዚቃ አስከፍታችሁ ስሙ። ስፒከራችሁ የኦፕቲካል መግቢያ ካለው፣ ኮምፒውተሩም ማውጫው ካለው፣ ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ በብርሃን ስለሚያስተላልፍ በመካከላቸው ሽቦ የለም። ብሉቱዝም ያው ነው፣ ግን ድምፁ ትንሽ ስለሚዘገይ ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ድምፅ ለሚቀዳ ሰው አይሆንም።

የስቱዲዮ ስፒከር ላላችሁ የምመርጠው ባላንስድ ኬብል ነው። ድምፁን በሁለት ሽቦ፣ አንዱን ገልብጦ ይልካል፤ በመንገድ ላይ ሁለቱም ላይ እኩል የገባው ጫጫታ ስፒከሩ ጋር ሲደርስ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለዚህ ግን ባላንስድ ማውጫ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚሰካ የድምፅ ካርድ) ያስፈልጋል። የላፕቶፑ የሄድፎን ቀዳዳ ጃኩ ሦስት ክፍል ስላለው ባላንስድ ይመስላል፤ አይደለም፣ ግራና ቀኝ ነው። እሱን በቀጥታ ባላንስድ መግቢያ ውስጥ ብትከቱት ስፒከሩ ግራውን ከቀኙ ይቀንስና መሃል ላይ የተቀዳው የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋል።

የቀረው «ሽሽሽ» ነው። የኮምፒውተሩን ድምፅ ወደ ሙሉው አስጠጉ፣ የስፒከሩን ቁልፍ ግን ዝቅ አድርጉ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ያኔ ስፒከሩ ደካማውን ድምፅ ከነጫጫታው ያጎላዋል። ቁልፉን እስከ ታች ስታወርዱትም ሽሽታው ካልተለወጠ ከቁልፉ በኋላ ካለው ማጉያ ነውና ምንም ኬብል አይለውጠውም። በወርቅ የተለበጠ ጃክም፣ ገመድ ላይ የሚታሰረው ጥቁር ፌራይትም ለ50 ኸርዝ እምምታ አይረዱም። ፌራይት የሚያግደው የሬዲዮ ሞገድን ስለሆነ፣ ከስፒከራችሁ የሬዲዮ ጣቢያ የሚሰማችሁ ከሆነ ብቻ ግዙት።